ቦንጋ ላይ የሚተካኝ ሰው

ህይወት ቦንጋ የመጣችው ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። እህቷን ዘነበችን ስትሰናበት «ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው» ብላት ነበር። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ሰባተኛው ክረምት ገባ። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ ሲቀላ በሚባለው መንደር ተወልዳ፣ ፀሐይ ማልዳ ወጥታ አምሽታ በምትገባበት ሰፈር አድጋ፣ ሒሳብ እንድታስተምር የተመደበችው ሰማዩ ሁልጊዜ ከሚያፈስበት ከተማ ነው። የቦንጋ ሰው ስለ አየሩ ሲጠየቅ «ዘጠኝ ወር ይዘንባል፤ ሦስቱን ወር ደግሞ ለመዝነብ ያስባል» ብሎ ይስቃል። ህይወትም መጀመሪያ ሰሞን አብራ ትስቅ ነበር።

ሰው የማይለምደው የለምና እሷም ብዙውን ለመደችው። ጨዉ በዕቃው ውስጥ ውኃ ሲያዝል፣ ክብሪቱ አሥር ተጭሮ አንዱ ሲበራ፣ እንጀራው በሁለተኛው ቀን ሲሻግት፣ የቆዳ ቦርሳዋ አረንጓዴ ጸጉር ሲያበቅል ዝም አለች። ማክሰኞ ያጠበችውን ቀሚስ ቅዳሜ እንደረጠበ መልበስን ለመደች። ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር ከተማሪዎቿ ጋር መደማመጥ ስለማይቻል፣ ዝም ብላ ሰሌዳውን በቁጥር እየሞላች እስኪያባራ መጠበቅን ለመደች። አልለምድ ያላት ደረቷ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ትንፋሿ እንደ ፉጨት መጮህ ጀመረ። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ዳገት ሁለት ጊዜ ቆማ ወጣችው። ጅማ ሄዳ ስትመረመር ሐኪሙ «አስም ነው። እርጥበትና ሻጋታ ይቀሰቅሱብሻል፤ ከተቻለሽ ደረቅ አገር ኑሪ» አላትና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣት። ስትመለስ ለማንም አልተናገረችም። ቦንጋ ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ጠዋት ገበያ ላይ ያሳለ ሰው ከሰዓት በኋላ «ሳምባ ይዞታል አሉ» ይባላል። ያላገባች፣ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የተጠጋ መምህርት ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከተከተላት አለቀላት ብላ ፈራች። የጠየቃትን ሁሉ «ብርድ ነው፣ ትንሽ ብርድ ነክቶኝ ነው» ትላለች። መድኃኒቱን የምትስበው በሩን ዘግታ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልቧ አልቀመጥ አላት። ቤት ስትገባ መውጣት ትፈልጋለች፤ ስትወጣ የምትሄድበት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ወርዳ የጅማን አውቶቡስ ሲሞላ አይታ ትመለሳለች። በየዓመቱ የዝውውር ቅጽ ሞላች፤ በየዓመቱ «ተተኪ የለም» የሚል መልስ መጣ። እንግዲህ የቀረው መንገድ ልውውጥ ነበር፤ አርባ ምንጭ የሚያስተምር፣ ቦንጋ ልምጣ የሚል ሰው ማግኘት። ዘነበች አርባ ምንጭ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማስታወቂያ ለጠፈችላት። ሦስት ዓመት ማንም አልደወለም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ተመርቃ፣ በዘጠና አራት ቦንጋ የገባችው ህይወት ስልኳ የጮኸው በሚሊኒየሙ ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው።

«ራሕመት እባላለሁ፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው የማስተምረው» አለች የማታውቀው ድምፅ። «ማስታወቂያሽን አይቼ ነው። አሁንም ትፈልጊያለሽ?»

ህይወት ኔትወርኩ እንዳይቆረጥባት እግሯን ሳታንቀሳቅስ ቆመች። ዝናብ ውስጥ መሆኗን ያወቀችው ተነጋግረው ሲጨርሱ ነው።

ራሕመት የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ ጃፈር ዓመት ሙሉ ቦንጋ ገበያ ዳር ሱቅ ከፍቶ ብቻውን ይኖራል። እሷና የስድስት ዓመት ልጃቸው ሀኒያ አርባ ምንጭ ናቸው። «ቤተሰብ እንዲህ በስልክ ይኖራል?» አለች። ከመፈረሟ በፊት ግን ከተማውን በዓይኗ ልታይ ልጇን ይዛ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እንደምትመጣ ነገረቻት። አክላም «ቤት ካለሽ ቤትሽንም ልከራየው። የጃፈር የሱቅ ጓዳ ለሦስት ሰው አይበቃም» አለቻት።

ህይወት ስልኩን ዘግታ ግድግዳዋን አየችው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶበታል። በማግስቱ ኖራ ገዛች። ሁለት ቀን ሙሉ ፋቀች፣ ቀባች፤ እየቀባች አሳላት፤ በሩን ዘግታ መድኃኒቱን ሳበች፤ ተመልሳ ቀባች።

አከራይዋ እትዬ ወርቅአፈራሁ በር ላይ ቆመው ጉድ አሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጓሯቸው እንሰትና ቡና የሞላላቸው፣ ከጎረቤት ጋር በካፍኛ እያወሩ ለህይወት ሲሆን ወደ አማርኛ የሚዞሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ በክረምት ኖራ ይቀባል እንዴ? ማን ሊመጣ ነው እንዲህ ሙሽራ የምታደርጊው?»

«ቤቱን የሚከራይ እንግዳ ነው፣ እትዬ።»

«አሃ» አሉ፤ አዩዋትና ወደ ኩሽናቸው ሄዱ።

ራሕመት ቅዳሜ ገባች። ሦስት ቀን ተጉዛ፣ ከጅማ ወዲህ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ጭቃ ይዞት ተገፍቶ፣ እስከ ጉልበቷ ቀይ ሆና ነው የወረደችው። ቁመተ ረጅም፣ ፊቷ ፈገግታ የሚቀርበው ሴት ናት። ሀኒያ በእናቷ ሻሽ ተጠቅልላ ዛፎቹን እያየች ነበር። «እማ፣ ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ማን አጠጥቶት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ መናኸሪያው ሳቀ።

እግዜር ህይወትን ሊረዳት ይሁን ሊፈትናት፣ እሑድ ፀሐይ ወጣች። በነሐሴ! ጉሙ ከጫካው ላይ እየተገፈፈ፣ ኮረብቶቹ ታጥበው፣ ከተማው በሙሉ ልብሱን አጥር ላይ አሰጥቶ ዋለ። ህይወት እንግዶቿን ይዛ ወጣች። ከዳር እስከ ዳር በእግር የሚደረስበት፣ ባጃጅ ቢያዝም ሁለት ብር የማይሻገር ከተማ መሆኑን አሳየቻቸው። ማር ቀመሱ። አቮካዶ ከዛፉ ሥር ወድቆ ሰው ረግጦት ሲያልፍ ራሕመት ቆማ አየች። የግቢው ቧንቧ ሲከፈት ውኃው እየጮኸ ሲወርድ ደግሞ እጇን ዘረጋችና «እኛ እኮ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን። ሌሊት ተነሥተን ነው የምንቀዳው» አለች።

ቤቱን ስታይ ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አደረገች። «ንጹሕ ነው» አለች።

ህይወት ቁም ሳጥኑ ፊት ቆማ «አዎ» አለች።

ራሕመት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሀኒያ ደረቷ ደካማ ነው። ስትሮጥ ያፍናታል፣ ትንፋሿ ይጮኻል። እዚያ ያየናት ሐኪም የአቧራና የሙቀት ነገር ነው አለን። ጃፈር ደግሞ ቦንጋ አቧራ የሚባል የለም፣ አየሩ ንጹሕ ነው ይለኛል። ከሁሉም በላይ የምመጣው ለእሷ ስል ነው። አንቺ ሰባት ዓመት ኖረሻል፤ እውነት ነው?»

መድኃኒቱ በህይወት መሳቢያ ውስጥ፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ከራሕመት ጉልበት አንድ ክንድ አይርቅም።

«አቧራ የለም» አለች ህይወት። «አየሩም ንጹሕ ነው።»

ውሸት አልተናገረችም። እውነትም አልተናገረችም። የቆመችው ከሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከጋሽ ሀብተሥላሴ ቢሮ ገቡ። ጋሽ ሀብተሥላሴ የመምህራንን ዝውውር የሚይዙ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ አዛውንት ናቸው። ቅጹን ዘረጉላቸው።

«ይሄ ዓርብ በፖስታ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም። አስባችሁበታል?»

«አስበንበታል» አሉ ሁለቱም። ፈረሙ። ራሕመት ስትወጣ ህይወትን አቅፋ ሳመቻት፤ ህይወት ደግሞ ለዘነበች ደወለች። ዘነበች ስልኩ ላይ እልል አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተመለሰ። ለሦስት ቀን ደጋግሞ ሳይሆን ሳያቋርጥ ጣለ። መብራት ሄደ። የጅማ መንገድ ተናደ ተባለ፤ አውቶቡስ አልገባም፣ አልወጣም። ህይወት ዕቃዋን ማሰር ጀምራ ተወችው። ያሰረችውን ፈታች። መጽሐፍ ገልጣ አንድ መስመር አራቴ አነበበችና ዘጋችው። በረንዳ ላይ ወጥታ የሚወርደውን ውኃ አየች፣ ገባች፣ እንደገና ወጣች። እትዬ ወርቅአፈራሁ ከኩሽናቸው ሆነው «ልጄ፣ እግርሽን ምን ነከሰው?» አሏት።

ማክሰኞ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ጃፈር ሱቅ ወረደች። ለራሕመት እውነቱን ልትነግራት ነው። የጃፈር ሱቅ ከጫማ እስከ ጨው ይሸጣል፤ ከሁሉ የሚቸበቸበው ግን ጃንጥላ፣ ቦቲ ጫማና ላስቲክ ነው። ዝናብ ሲመታ ገበያተኛው በረንዳው ሥር ይጠለላል፤ የተጠለለ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መሄድ ያፍራል። ጃፈር «ዝናብ ማለት ለኔ ደላላ ነው» ይላል። ራሕመት ከጓዳው ወጣችና ፊቷ በራ።

«ሀኒያ ሌሊቱን ሙሉ ሳታስል አደረች! እኔ ነኝ የምልሽ፣ አየሩ ተስማማት።»

ህይወት አፏን ከፍታ «ክብሪት ፈልጌ ነበር» አለች። ክብሪቱን ይዛ ተመለሰች።

ረቡዕም ወረደች። ሱቁ በተጠለለ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሳሙና ገዛች። ከሰዓት በኋላ ደግማ ወረደችና ሌላ ሳሙና ገዛች።

ጃፈር ሳቀ። «ቲቸር፣ ሳሙና ልትነግጂ አስበሻል እንዴ? ከኔ በጅምላ ውሰጂ እንጂ።»

ልትስቅ ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ አጭር ሳል፤ ቀጥሎ አንድ ቀጭን ፉጨት። ህይወት ያን ፉጨት ታውቀዋለች፤ በገዛ ደረቷ ለአራት ዓመት ስትሰማው ኖራለች።

ራሕመት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችና «ምንም አይደለም» አለች። «ትንሽ ብርድ ነክቷት ነው።»

ህይወት ሳሙናውን ሳትይዝ ወጣች። የራሷ ቃል ነበር፤ ለአራት ዓመት ለሰው ሁሉ ያደለችው ቃል፣ ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ ወጣ። ዳገቱን ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ ወጣችው።

ሐሙስ ጠዋት መድኃኒቱን ከካልሲው አውጥታ በኪሷ ያዘች። ሱቁ ስትደርስ ምንም አልገዛችም። «ራሕመት፣ ጓዳ እንግባ» አለች።

ጓዳው አልጋ፣ ምድጃና የጃንጥላ ካርቶን ብቻ የሚይዝ ነው። ሀኒያ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ህይወት መድኃኒቱን አውጥታ በመዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ራሕመት።

«ለአስም ነው። የኔ ነው።»

«ያንቺ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ቦንጋ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት። አርባ ምንጭ ሳለሁ እንኳን ሊያፍነኝ፣ ጉንፋንም አያውቀኝም። ሐኪሙ እርጥበቱ ነው፣ ሻጋታው ነው አለኝ። መሄድ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው። ቤቱ . . . ግድግዳውን እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነው ኖራ የቀባሁት።»

የቆርቆሮው ጩኸት ጓዳውን ሞላው። ራሕመት የተናገረችው በዝግታ ነበር።

«እሑድ ጠየቅኩሽ። አልጋሽ ላይ ተቀምጬ፣ የልጄን ነገር፣ እንደ እህት ጠየቅኩሽ።»

«አዎ።»

«ሰኞ ሽማግሌው ‹አስባችሁበታል?› ሲሉን አጠገቤ ነበርሽ። አቅፌ ሳምኩሽ እኮ!»

ጃፈር መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ ሰምቶ ኖሯል። «ምን ሆናችኋል?» አለ። «ስንቱ ሕፃን እዚህ ተወልዶ እዚህ ያድግ የለም እንዴ? አገሩ ሁሉ ታሟል? ዝናብ ሰው ይገድላል?»

«አንተ ጃንጥላ ስለምትሸጥ ነው» አለች ራሕመት።

ጃፈር እንደ ተመታ ሰው ቆመ። «የምሸጠው ለማን ነው? ዓመት ሙሉ እዚህች ጓዳ ውስጥ ያደርኩት ለማን ነው?» አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ህይወት በመካከላቸው የገባው ነገር የእሷ ሥራ መሆኑን እያየች፣ ሀኒያን በዓይኗ ተሰናብታ ወጣች።

ያን ዕለት ራሕመት ልጇን አዝላ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ ሳሉ ጋብ አለ። የፈለገችውን ቁርጥ ያለ መልስ ግን አልሰጣትም። «አንዱን አቧራ ይቀሰቅስበታል፣ ሌላውን እርጥበት፤ አንዳንዱን ሁለቱም። እዚህ ደህና ሆነው የሚያድጉ አሉ። እዚህ የባሰባቸውም አሉ። ቤቱ ይወስነዋል» አላት።

ዓርብ ሲነጋ ራሕመት ብቻዋን መጣች። ሰላምታ አልሰጠችም። ቀጥ ብላ ገብታ ቁም ሳጥኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያዢና እንግፋው» አለች።

ገፉት። ከተቀባ ወዲህ ኖራው አብጦ ተሰነጣጥቆ፣ ከሥሩ ጥቁሩ ሻጋታ እንደ ቀለም ዘልቆ ወጥቷል። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ራሕመት ጣቷን አስነካችው፤ እርጥብ ነበር። እትዬ ወርቅአፈራሁ የቁም ሳጥኑን ድምፅ ሰምተው በር ላይ ደረሱ።

«ኖራው ለዚህ ነበር?» አሉ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ይናገራል። «ቤቴን የማላውቀው መስሎሽ ነው? ይሄ ክፍል ፀሐይ አያየውም፤ ባሌ ሲሠራውም ለቡና ማኖሪያ ብሎ ነው። ለቀድሞዎቹ ተከራዮች ተናግሬአለሁ። ላንቺም በመጣሽ ጊዜ ነግሬሽ፣ ‹ግድ የለም፣ ለሁለት ዓመት ነው› አልሽኝ።»

ህይወት አስታወሰች። ብላለች።

«ሌላው ሁሉ ይቅር» አሉ ሴትየዋ ወደ ራሕመት ዞረው። «ያቺን አምና የታመመችባትን ቀን ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ትንፋሿ ተቆርጦ መሬት ላይ አግኝቻት፣ ጮኼ ሰፈሩን ጠራሁት። ስምንት ሰው በዝናብ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ጭቃው ጉልበት ይውጣል። አንድም ሰው ‹ነገ ይሁን› አላለም። ከዚያ ስትመለስ ‹ብርድ ነው እትዬ› አለችኝ። ይኸው ዓመቴ፣ እውነቱን ዛሬ እንግዳ ፊት ከግድግዳው ላይ አየሁት።»

ራሕመት ህይወትን አየቻት። ቁጣዋ አልበረደም፤ ግን ሌላ ነገር ገባበት። «እንዲህ እያመመሽ ሰባት ዓመት ምን አኖረሽ?» አለች። «አሁን ደግሞ ሳትደብቂ ንገሪኝ። ክፉውን አይቻለሁ።»

ህይወትን አፏ ቀደማት።

«ስምንቱን ሰዎች አላውቃቸውም ነበር» አለች። «ሁለቱን እስከ ዛሬም አላውቃቸውም፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ‹ተሻለሽ?› ይሉኛል። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ዝናቡ ሲጮህ ዝም ብለው ይጠብቁኛል፤ አንድም አይወጣም። እዚህ የተራበ ጎረቤት አላየሁም፤ መሬቱ ይሰጣል። ዝናብ ያቆመ ጠዋት ደግሞ . . . አንቺም እሑድ አይተሽዋል፣ እሱ እውነት ነበር። ግን ደረቴ አይችለውም፣ ራሕመት። ከተማውን ወድጄው ቢሆን ኖሮም አይችለውም። እዚህ ስቀመጥ መሄድ፣ መሄድ ብቻ ነው የማስበው፤ የሚተካኝን ሰው ደረት እስክረሳ ድረስ አሰብኩት።»

ራሕመት አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ልክ እሑድ እንደ ተቀመጠችው።

«ጃፈር ሌሊቱን ሲለምነኝ አደረ» አለች። «ደረቅ ቤት እፈልጋለሁ፣ እንጨት ወለል አነጥፋለሁ ይላል። ያደርገዋልም። ግን እኔ በየምሽቱ ጆሮዬን በልጄ ደረት ላይ ለጥፌ መኖር አልችልም። እዚያስ አቧራውን አውቀዋለሁ።» ተነሣች። «ፖስታው ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?»

«አራት ሰዓት ላይ። መንገዱ ቢዘጋም ለፖስታ ቤት ይሰጣል።»

«እንሂድ።»

አብረው ወረዱ። አንድ ጃንጥላ ነበር የያዙት፤ ሳይነጋገሩ ተካፈሉት። ህይወት በየእርምጃው ‹ይኸው በገዛ እግሬ ሄጄ ዝውውሬን ላሰርዝ ነው› እያለች ታስብ ነበር። አንድ ጊዜ እግሯ እንቢ ብሎ ቆመ። ራሕመትም ቆመች፤ አልገፋቻትም፣ አልጠራቻትም። ከዚያ ቀጠሉ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ፖስታውን ሊያሽጉ ሲሉ ደረሱባቸው። ራሕመት «ትቼዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። ምክንያቱን ሲጠይቁ ህይወት ቀድማ ተናገረች፤ ከአስሙ ጀምሮ እስከ ኖራው ድረስ፣ ምንም ሳታስቀር። ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሦስት ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም ሰሙ። አራት ዓመት የፈራችው ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ ማንም ከአጠገቧ ፈቀቅ አላለም።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«አንቺ ልጅ፣ የሐኪም ወረቀት አለሽ?»

«ጅማ የታከምኩበት አለኝ።»

«እንግዲያ በየዓመቱ ‹የግል ጉዳይ› እያልሽ ቅጽ የምትሞዪው ለምንድን ነው? የታመመ መምህር በሕክምና ማስረጃ ይዛወራል። ተተኪ አይጠየቅም። የሐኪሞች ቦርድ ካጸደቀልሽ ማንም አይከለክልሽም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አራት ዓመት! በገዛ እጅሽ በሩን ይዘሽ ቆመሽ ‹ክፈቱልኝ› ትያለሽ?»

ህይወት ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች፤ ሁለቱንም አላደረገችም። ቅጹ ተቀደደ። ራሕመት በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለቻት። «ግን ተናግረሻል። ሳትነግሪኝ ብትቀሪ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ሳስብ ደሜ ይቀዘቅዛል።» እጇን ጨብጣት ሄደች።

መንገዱ እሑድ ተከፈተ፤ ራሕመትና ሀኒያ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጡ። ጃፈር እስከ ገና ቆየ። ቦቲና ጃንጥላውን ከጎረቤት ከተማ ከዋጫ ለመጣ ነጋዴ በቅናሽ ሸጠ። የቀረውን ጭኖ ወደ አርባ ምንጭ ሲሄድ ህይወት ልትሰናበተው መጣች፤ «እዚያ ምን ልሸጥ ነው?» አላት ፊቱን አኮሳትሮ። ከዓመት በኋላ ራሕመት ደውላ ውኃ የሚያከማች በርሜልና ጀሪካን እንደሚነግድ ነገረቻት። ሀኒያ አንዳንዴ ያፍናታል፤ አንዳንዴ ይተዋታል።

እትዬ ወርቅአፈራሁ በዚያው ሰሞን ፀሐይ የሚያየውን፣ ወለሉ ሳንቃ የሆነውን የራሳቸውን ሳሎን ከፍለው ለህይወት ሰጡ፤ ሻጋታው ክፍል ለታሰበለት ሥራ ለቡና ተመለሰ። ደረቷ ትንሽ ቀለላት፤ አልዳነም። ከተማው ሁሉ አስም እንዳለባት አወቀ፤ ሰውም መድኃኒት ሲመክራት ሰነበተ። ከተመከረችው ሁሉ የሚጠቅም አላገኘችም፤ ግን በር ዘግቶ መተንፈስ ቀረላት።

የቦርዱ ወረቀት ጅማ ሁለት ጊዜ አመላለሳት። መልሱ የመጣው በሚቀጥለው ሐምሌ ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ ራሳቸው ደብዳቤውን ይዘው ከግቢ ገቡ። ህይወት ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«አርባ ምንጭ አይደለም» አለች። «ሣውላ ነው።»

«ሣውላ ወደ አርባ ምንጭ አቅጣጫ ነው» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኗት። «ከዚህ ይሻላል።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ የቡና ፍሬ የሚለቅሙበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጡ። «ልጄ፣ እዚያስ ይዘንባል?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንዴ! ሳትጠይቂ ልትሄጂ ነው? ጠይቂ እንጂ!»

ህይወት ስልኳን አወጣች። ሣውላ የሚያስተምር አንድ የኮሌጅ ጓደኛ፣ ከፈለኝ የሚባል፣ ቁጥሩ ነበራት። ዝናቡ ገና ማካፋት ጀምሯል። ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ እንሰቱ እየተራመደች በግቢው ዞረች። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አንድ ሰው «ሃሎ» አለ።

«ከፈለኝ፣ ህይወት ነኝ፣ ከቦንጋ። ስማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ደግሞ እውነቱን ንገረኝ።»